ሚኒሞው ለምን ይንቀጠቀጣል? ካርቡራተሩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት

ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1982 የተሠራች፣ 1.3 ሊትር ሞተር ያላት፣ ካርቡራተርና ፑንቲና የሚባሉት ነገሮች ገና ያልተነቀሉላት መኪና ናት። ወዳጆቼ «መቼ ነው ለሙዚየም የምታስረክባት?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔም መልስ አላጣም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅም የሌለው ደመወዝተኛ ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገነ ከመንዳት በቀር ምን ምርጫ አለው?

ወደ ነገሬ ልግባ። ባለፈው ዓመት ክረምት ላይ ይህች መኪና አመል አወጣች። ትራፊክ መብራት ላይ ስቆም ሞተሯ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ሁለት ሦስቴ ይንተፋተፍና ድርግም ይላል። ከኋላዬ ያለው የሚኒባስ ሾፌር ክላክሱን ይለቀዋል፤ ረዳቱም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ጋዜጣ ላይ የማይጻፍ ነገር ይናገራል። መንገድ ላይ ስትሄድ ግን ምንም አይነካትም።

ሦስት ጋራዥ ዞርኩ። የመጀመሪያው ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሳያዳምጥ «ሚኒሞው ወርዷል ጋሼ» አለና በካቻቢቴ አንዷን ቡሎን አጠበቀ። ሞተሩ ጮኸ፤ መጥፋቱም ቀረ። ለአሥር ቀን ያህል። ሁለተኛው «ካርቡራተሩ አርጅቷል» ብሎ አዲስ አስገዛኝ። የከፈልኩትን ገንዘብ ለባለቤቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። መንቀጥቀጡ ግን እዚያው ነው። ሦስተኛው ሙያተኛ መሣሪያ ያለው ሰው ነበር፤ ቱቦ ላይ መለኪያ ሰክቶ መጽሐፍ ገለጠና «መጽሐፉ 18 ይላል፣ የእርስዎ 13 ነው የሚያሳየው፤ ሞተሩ ጉልበት አጥቷል፣ ቴስታታው ይውረድ» አለኝ።

ላስብበት ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት ልጄ መኪናዋን ይዛ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ስትወርድ ስልክ ደወለችልኝ። መኪናዋን ዳር አስይዛ ቆማለች። «አባዬ፣ ሞተሩ ቁልቁለቱ ላይ ጠፋ፤ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፤ በሁለት እግሬ ቆሜበት ነው የያዘልኝ» አለችኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ የሚኒሞ ነገር የሚያሳፍር እንጂ የሚያሰጋ አይመስለኝም ነበር።

ታዲያ ሚኒሞ ምንድን ነው? ቃሉ የጣሊያን ነው፤ ዝቅተኛ ማለት ነው። (ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ካተረፈልን ነገር አንዱ የጋራዥ መዝገበ ቃላት ነው። ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ካምቢዮው፣ ቦቢናው፣ ማርሚታው፣ ሌላው ቀርቶ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎ ሳይቀር።) እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ሲያነሡ ሞተሩ ራሱን ችሎ የሚዞርበት ፍጥነት ነው። እንደ እኔዋ ባሉ መኪኖች በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር ገደማ ይሆናል።

በዚህ ጊዜ የካርቡራተሩ የአየር በር ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። ፒስተኖቹ ግን አየር መሳባቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ከበሩ በታች ባለው ክፍል፣ ማኒፎልድ በሚባለው ውስጥ፣ ኃይለኛ የመምጠጥ ጉልበት ይፈጠራል። ቫክዩም የሚሉት እሱን ነው። ቤንዚኑም የሚመጣው በዋናው መንገድ ሳይሆን ለዚሁ ተብላ በተሠራች እንደ መርፌ በቀጠነች ቀዳዳ በኩል ነው። 1 ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የሚተነፍሰው አየር በጣም ጥቂት በመሆኑ፣ ከአንድ ከተሰነጠቀ ቱቦ ሾልኮ የሚገባ እፍኝ የማይሞላ አየር ሚዛኑን ያፋልሰዋል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ያው ስንጥቅ እዚያው አለ፤ ነገር ግን በሰፊው በር ከሚገባው አየር ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ስለሆነ አይታወቅም። መኪናዬ መንገድ ላይ ጤነኛ፣ መብራት ላይ በሽተኛ የነበረችው ለዚህ ነው። ቡሎኗን ማጥበቅ የአየር በሩን ትንሽ ከፈት አድርጎ ሞተሩ እየታመመም እንዲዞር ያደርገዋል። ትኩሳት ያለበትን ሰው አስፕሪን ሰጥቶ ወደ ሥራው እንደ መመለስ ነው።

ከልጄ ጥሪ በኋላ አንድ የቆየ ወዳጄ ጡረታ ወደ ወጡ መካኒክ ወሰደኝ። ሰውዬው ሰባዎቹን አጋምሰዋል፤ የሚሠሩት ግቢያቸው ውስጥ፣ በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት ወንበር ሰጥተውኝ ጠየቁኝ። «ጠዋት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከሞቀ በኋላ? ዝናብ ሲዘንብ ይብሳል? ጭስ አለው? ቀለሙ ምን ይመስላል? ከመጀመሩ በፊት የተነካካ ነገር ነበር?» ሕግ ተምሬ ስወጣ ምስክር እንዴት እንደሚጠየቅ የተማርኩ ይመስለኝ ነበር።

እነዚህ ጥያቄዎች ለወሬ አልነበሩም። ጠዋት ብቻ የሚጠፋ ሞተር ጣት የሚቀስረው ቾኩ ላይ ነው። ዝናብና ጉም ባለበት ቀን የሚብሰው አብዛኛውን ጊዜ የካንዴላ ገመድ ወይም የዲስትሪቢዩተሩ ክዳን እርጥበት አሾልኮ ነው። ከሞቀ በኋላ የሚጠፋው ቦቢናው ሲግል እየደከመ ወይም ቤንዚኑ በሙቀት እየፈላ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ካለ ቤንዚን በዝቷል፤ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው። የእኔ መልስ «ቆሜ ሳለ፣ ሲሞቅም ሲቀዘቅዝም፣ ያለ ጭስ» የሚል ነበር።

የሦስተኛውን ጋራዥ የ13 ነገር ስነግራቸው ሳቁ። «ጌታው፣ መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው» አሉኝ። ይህን ነገር የአዲስ አበባ መኪና ባለቤት ሁሉ ቢያውቀው ብዙ ቴስታታ ከመውረድ ይድናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። የጤነኛ ሞተር ቫክዩም በባሕር ጠለል ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያነባል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በየ300 ሜትሩ አንድ ኢንች ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ከ11 እስከ 14 ማንበብ ጤና ነው። የእኔ 13 በሽታ አልነበረም፤ የሸገር ከፍታ ነው። ሰውዬው በዚያ ማስረጃ ሞተሬን ሊፈቱት ነበር።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። ካርቡራተር የሚገባውን አየር መሳሳት አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። በመሆኑም ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ መጥቶ ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላ ያጠቁራል፤ ሚኒሞው ይከብዳል። ከካርቶኑ ወጥቶ እንዳለ የተገጠመው የእኔ አዲስ ካርቡራተርም ይህንኑ ነበር የሚያደርገው። በተቃራኒው እዚህ ጥብቅ ተደርጎ የተስተካከለ ሞተር አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ሲወርድ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል። ረጅም ጉዞ የሚያዘወትር ሰው ይህን ለመካኒኩ ቢነግረው ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ምርመራው። ሽማግሌው ከርካሹና ከቀላሉ ነው የጀመሩት። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ወደ ፀሐይ ያዙት። ብርሃን የማያሳልፍ ፊልትሮ ሞተሩን አንቆ ቤንዚን ያበዛል። ቀጥለው አራቱን ካንዴላዎች ፈተው በተራ ደረደሯቸው። የካንዴላ አፍ ቀለም ሐሰት አይናገርም። ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ከነጣ ቤንዚን አንሷል ወይም አየር እየሾለከ ነው፤ አንዱ ብቻ ረጥቦ ከወጣ ያ ሲሊንደር እየነደደ አይደለም። የእኔ አራቱም እኩል ጠቆር ያሉ ነበሩ። ይህ ደግሞ የአዲሱ ካርቡራተር ሥራ ነው። «ሕመሙ ግን አራቱንም እኩል ነው የያዘው፤ የአንድ ሲሊንደር ጉዳይ አይደለም» አሉ።

ይህን ለማረጋገጥ ሞተሩን አስነሥተው፣ ላስቲክ በለበሰ ፒንሳ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ ነቅለው መለሱ። ጤነኛ ሲሊንደር ገመዱ ሲነቀል ሞተሩ ይወርዳል፤ ቢነቀልም ምንም ካልተለወጠ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑም እየሠራ አልነበረም ማለት ነው። አራቱም እኩል አወረዱት። ይህን ሙከራ ግን በአዲሶቹ መኪኖች ላይ አትሞክሩት፤ ኤሌክትሮኒክሱን ሊያበላሽ ይችላል። በእኔዋ ላይም ቢሆን ባዶ እጅ የነካ ሰው ሁለተኛ አይነካም።

ፑንቲናዋ ቀጠለች። ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተች እየተዘጋች ብልጭታውን የምታዝዘው ትንሿ ብረት ናት። ስትከፈት ክፍተቷ 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ስትበላ ክፍተቷ ይለወጣል፤ የብልጭታውም ሰዓት አብሮ ይዛነፋል፤ ይህ መጀመሪያ የሚታወቀው ሚኒሞ ላይ ነው። የእኔዋ ትንሽ ስለተበላች አስተካከሏት። መንቀጥቀጡን ግን አላስቀረውም።

ካርቡራተሩ ላይ ቁልፍ ሲከፈት «ቀጭ» የምትል፣ ገመድ የተሰካባት ትንሽ የኤሌክትሪክ ቫልቭ አለች። የሚኒሞውን ቤንዚን የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት። ቁልፉን ከፍተው፣ ሞተሩን ሳያስነሡ፣ ጆሮዎን ጠጋ አድርገው ቢያዳምጡ ድምጿን ይሰማሉ። ካልተሰማ ገመዷ ተነቅሎ ወይም ቫልቯ ሞታ ሊሆን ይችላል፤ በዚህች ትንሽ ገመድ ምክንያት ሙሉ ካርቡራተር የገዛ ሰው አውቃለሁ። የእኔዋ «ቀጭ» አለች።

ቀጥሎ ቱቦዎቹ ናቸው። አርባ ዓመት በሞተር ሙቀት የተጠበሰ ላስቲክ ሲያዩት ደኅና ይመስላል፤ ሲያጥፉት ግን እንደ ደረቅ ቂጣ ይሰነጠቃል። ወደ ዲስትሪቢዩተሩ የሚሄደው ቀጭን ቱቦ፣ የሞተሩን ጭስ መልሶ የሚወስደው፣ ወደ ፍሬኑ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ፣ በካርቡራተሩና በማኒፎልዱ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን፣ ሁሉም ሌባ በር ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንድ መካኒኮች ሾልኮ የሚገባውን አየር ለማግኘት በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን ይረጫሉ። ይህ እሳት መጥራት ነው። ሽማግሌው የተጠቀሙት በመርጫ ጠርሙስ የያዙትን የሳሙና ውኃ ነው። ስንጥቅ ያለበት ቦታ ላይ ሲረጭ ውኃው ይሳባል፤ የሞተሩም ድምፅ ይለወጣል። ዞረው ዞረው ምንም አላገኙም።

ያን ጊዜ ቀና ብለው ማንም ያልጠየቀኝን ጥያቄ ጠየቁኝ። «ሲጠፋብዎት እግርዎ የት ነው ያለው?»

የት ይሆናል! መብራት ላይ ነኝ፤ ፍሬን ላይ ነው።

«እስኪ የእጅ ፍሬኑን ይሳቡና እግርዎን ያንሡ።» አነሣሁ። ሞተሩ ደኅና ዞረ። «አሁን ይርገጡት።» ረገጥኩ። ከኮርቻው ሥር የአየር ፉጨት ተሰማ፤ ሞተሩ ተንገዳገደ፤ ሊጠፋ ደረሰ። ሽማግሌው ወደ ፍሬኑ የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በጨርቅ ጠቅልለው በፒንሳ ጨብጠው ያዙት። መንቀጥቀጡ ወዲያው ቆመ። እግሬ ሥር ያለው ፔዳል ግን ድንጋይ ሆነ። ልጄ ያለችው ድንጋይ ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬኑን የሚያግዝ ሰርቮ የሚባል ትልቅ ጥቁር ቆርቆሮ ከሾፌሩ ፊት ለፊት፣ ኮፈኑ ሥር አለ። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ቫክዩም ነው። ውስጡ ያለው ላስቲክ ሲቀደድ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር አየር ወደ ሞተሩ ይሾልካል። በአንድ በኩል ሞተሩ ቤንዚኑ ቀጥኖበት ይጠፋል፤ በሌላ በኩል ፍሬኑ አጋዡን ያጣል። ደኅና ሰርቮ ሞተር ቢጠፋ እንኳ ለአንድ ሁለት እርግጫ የሚሆን ቫክዩም ያስቀምጣል፤ የእኔው ግን ለአንድም የሚሆን አልነበረውም። ሦስት ጋራዥ እንደ ሚኒሞ ጥፋት ያየው ነገር የፍሬን ጥፋት ነበር። ያቺ መጀመሪያ የጠበቀችው ቡሎን ያደረገችው ነገር ቢኖር ማስጠንቀቂያውን ዝም ማሰኘት ብቻ ነው። እኔም በዚያች መኪና ልጄን ቁልቁለት ላይ ላክኋት።

ሰርቮዎን ለመፈተሽ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሞተሩን ያጥፉና ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ ይርገጡት፤ ይጠነክራል። ረግጠው ይዘው ሞተሩን ያስነሡ። ፔዳሉ ከእግርዎ ሥር ትንሽ ወረድ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ንቅንቅ ካላለ መኪናዋን አይንዷት፤ መካኒኩን እርስዎ ዘንድ ይጥሩት። ሙከራውን በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ እንዳያደርጉት ደግሞ አደራ፤ የሞተር ጭስ ሽታ በሌለው መርዝ ሰው ይገድላል።

ሰርቮው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ወፍራሙም ቱቦ አብሮ ተለወጠ። ሽማግሌው አሮጌውን ካርቡራተሬን ጠየቁኝ፤ ደግነቱ ሁለተኛው ጋራዥ መልሶልኝ ነበር። ፈትተው በማጠቢያ አጥበው፣ ቀጫጭን ቀዳዳዎቹን በአየር ነፍተው (በሽቦ አይደለም፤ ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል) መለሱት። ታች የተገኘው ዝቃጭ የሚያስገርም ነበር። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ቤንዚን ላይ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል መቀላቀል በተጀመረበት ዘመን ብዙ አሮጌ መኪኖች እንዲህ ያለ ችግር ገጥሟቸዋል። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ በአሮጌ ታንከር ግድግዳ ላይ የተጋገረውንም ቆሻሻ ያላቅቃል። የቤንዚን ፊልትሮ ርካሽ ዕቃ ነው፤ በጊዜው መለወጥ ነው።

በመጨረሻ ሚኒሞው ተስተካከለ። ቡሎኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዷ የአየር በሩን ትይዛለች፣ ሌላዋ የሚኒሞውን ቤንዚን ትመጥናለች። ሰዎች የሚነካኩት የመጀመሪያዋን ብቻ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ሁለተኛዋን ቀስ ብሎ መፍታት፣ ፍጥነቱ ከፍተኛው ላይ ሲደርስ ማቆም፣ ከዚያ ሞተሩ ትንሽ ወረድ እስኪል ድረስ መልሶ ማጥበቅ፣ ከዚህ በኋላ በመጀመሪያዋ ፍጥነቱን 750 ላይ ማምጣት ነው። ሁለተኛዋን እስከ መጨረሻው ጨክኖ ማጥበቅ ጫፏን ያበላሻል። ከዚህ ሁሉ በፊት ፑንቲናና ካንዴላ ካልተስተካከሉ ግን ቡሎን ማዞሩ ልፋት ብቻ ነው።

ቪትዝና መሰል መርፌ ነዳጅ ያላቸው መኪኖች ለያዛችሁ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ካርቡራተር የላችሁም፤ የአየር በሩ ግን አለ፤ ጥቁር ዝቃጭ ሲይዘው ሚኒሞው ይዋዥቃል። ማጽዳቱ ብዙ ጊዜ በቂ ነው። ባትሪ ከተነቀለ በኋላ ሚኒሞው ለጥቂት ቀን ቢያስቸግር ኮምፒውተሩ እንደገና እየተማረ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሴንሰር ለመግዛት አትሩጡ። ሚኒሞው ያለ ምክንያት ከፍ ካለ አየር የሚያሾልክ ቱቦ ፈልጉ። ፍሬን ሲረገጥ የሚለወጥ ከሆነም የሰርቮው ሙከራ እናንተንም ይመለከታል።

አንድ የሙያዬን ነገር ልጨምር። ጋራዥ መኪና ስንሰጥ ውል እየገባን ነው፤ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2610 ጀምሮ ስለዚህ ዓይነቱ ውል ይደነግጋል። እኛ ግን «እስኪ እየው» ብለን ቁልፍ አስረክበን እንሄዳለን። ምን ሊሠራ እንደሆነ፣ በምን ማስረጃ፣ በስንት ብር የሚለውን በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ማስፈር ነውር አይደለም። የተለወጠውንም ዕቃ መልሱልኝ ይበሉ። እኔ አሮጌውን ካርቡራተር ባልጠይቅ ኖሮ ዛሬም ባሕር ዳርቻ የሚኖር ካርቡራተር ተሸክሜ ጥቁር ጭስ እየተፋሁ ነበር።

አዲሱ ካርቡራተር ካርቶኑ ውስጥ፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ጎን፣ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «የሰው ዕቃ ነው» ብያታለሁ። ልጄ ደግሞ መኪናዋን ይዛ ስትወጣ ፔዳሉን አምስት ጊዜ ትረግጣለች፤ ይዛ ታስነሣለች፤ ወረድ ሲል ብቻ በሩን ትከፍትልኛለች።